ሥሩ የት ነው? በወንዶች መቀመጫ አካባቢ እየተመለሰ ስለሚያስቸግር እብጠት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 37 ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ በሚወስደው መስመር የጭነት መኪና አሽከረክራለሁ። ከቆለጤ ከረጢት ወደ ኋላ፣ ፊንጢጣዬ ጋ ሳይደርስ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጥታ ነበር፤ አሁን ባቄላ አክላለች። ስቀመጥ ትወጋኛለች። ባለፈው ሳምንት የውስጥ ሱሪዬ ላይ ትንሽ ፈሳሽ አይቻለሁ። አምና እዚያው ላይ እባጭ ወጥቶ በራሱ ፈንድቶ ድኖልኝ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኪንታሮት ነው ብሎኝ የባህል ቅባት ተቀባሁ፤ አቃጠለኝ እንጂ አልተሻለኝም። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ አንድ ሳምንት ወሰድኩ፤ ቀዝቀዝ አለና ተመለሰ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ ሥሩ አልወጣም ይለኛል። ፕሮስቴት ይሆን? ካንሰርስ? ማን ዘንድ ልታይ? ባለትዳር ነኝ፤ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።»

ምላሽ፦

ከጻፉልኝ ሁሉ ብዙ የሚናገረው «እዚያው ላይ» የሚለው ነው። እባጭ የማንም ሰው ገላ ላይ ይወጣል፤ ፈንድቶ ይደርቃል፤ ሰውየውም ይረሳዋል። አምና የፈነዳው ዘንድሮ በዚያው ነጥብ ላይ ሲነሳ፣ መድኃኒት ሲወስዱለት ቀዝቅዞ ሲያቆሙ ሲያገረሽ፣ በመሀሉም የውስጥ ሱሪ የሚያረጥብ ፈሳሽ ሲጥል ግን አሮጌው በሽታ ከመጀመሪያውም አልሄደም ማለት ነው። ሳልመረምርዎ የምሰጠው ግምት ነውና ግምት ብለው ይያዙት። የመጀመሪያ ተጠርጣሪዬ ከፊንጢጣ ውስጥ ተነስቶ ቆዳ ድረስ የሚመጣ ቀጭን የመግል መተላለፊያ ነው። በሕክምና የፊንጢጣ ፊስቱላ ይባላል።

ይህን ስል ብዙ ወንዶች ይደነግጣሉ፤ አንዳንዱም ይስቃል። ፊስቱላ የሚለው ቃል በአገራችን ከወሊድ ጉዳት ጋር ተጣብቆ የቀረ ነው፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒታል ስሙን ለሁሉ አስተዋውቆታል። ቃሉ ራሱ ግን መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ቦታዎች የሚያገናኝ ቧንቧ ማለት ነው። የእናቶቹ ከሽንት ፊኛ ወይም ከደንዳኔ ወደ ብልት የተከፈተ ነው። የእርስዎ፣ ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ ከፊንጢጣ ወደ ቆዳ የተከፈተ ነው። ይኸኛው ዓይነት እንዲያውም ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው በእርስዎ ዕድሜ ነው።

አስቀድመን ኪንታሮቱን እናንሳው። ከቆለጥ ከረጢት እስከ ፊንጢጣ ያለው ቦታ በሕክምና ፔሪኒየም ይባላል፤ በዕለት ተዕለት አማርኛችን ግን የራሱ ስም የለውም። ምርመራ ክፍል የሚገቡ ወንዶች «እዚህ ታች» ብለው በአገጫቸው ይጠቁማሉ። ጣታቸውን እንኳ ወደዚያ መላክ ያፍራሉ። ስም በሌለው ቦታ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ታዲያ ኪንታሮት ተብሎ ይቀራል። ይባስ ብሎ ኪንታሮት የሚለው ስም ራሱ ሁለት ነገር ይዟል፤ ያበጠውን የፊንጢጣ ደም ሥርም፣ ቆዳ ላይ የሚወጣውን ሻካራ ጉብታም እንጠራበታለን። የደም ሥሩ ኪንታሮት ቦታው ፊንጢጣው ጠርዝ ላይ ነው፤ ወይም ከውስጥ ሆኖ ሲያምጡ ብቅ ይላል፣ ደማቅ ቀይ ደምም ያሳያል። ውስጡ ደም የረጋበት ከሆነ በአንድ ሌሊት ድንገት ያብጣል፤ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ክፉኛ አሳምሞ በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሟሸሸ ይሄዳል። ከጠርዙ ሁለት ጣት ርቆ፣ መግል እየጣለ፣ ዓመት ጠብቆ የሚመለስ ኪንታሮት የለም።

ፕሮስቴትም አይደለም። ይህ ዕጢ በጤናው ጊዜ ትንሽ ሎሚ ያህላል፤ ቦታውም ጥልቅ ነው፤ ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን ከቦ ይቀመጣል። ምንም ያህል ቢያብጥ ቆዳዎን ከታች ገፍቶ ባቄላ አያወጣም። ሐኪም የሚዳስሰው ጣቱን በፊንጢጣ በኩል አስገብቶ ነው። ፕሮስቴት ሲቆጣ ሕመሙን ወደዚያው ወደ ፔሪኒየም መላኩ እውነት ነው፤ ሰዎች ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ሲዳስሱት ግን የሚጨበጥ ነገር አያገኙም። እርስዎ አግኝተዋል።

አሁን ወደ ሥሩ። «ሥሩ አልወጣም» ያሉዎትን ሰዎች ሐኪሞች እንደ አላዋቂ እናያቸዋለን፤ በዚህ በሽታ ግን ከብዙ ክኒን ሻጭ የተሻለ ተናግረዋል። የተሳሳቱት ሥሩን የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ነው። ከፊንጢጣው ጠርዝ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ የውጭው ቆዳና የአንጀቱ ስስ ሽፋን የሚገናኙበት ወጣ ገባ መስመር አለ። በዚህ መስመር ዙሪያ አፋቸውን ወደ መተላለፊያው የከፈቱ ጥቃቅን ዕጢዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ የአንዱ አፍ ሲደፈን ተህዋሲያን ውስጡ ይራባሉ፤ መግል ይቋጠራል። መግል ደግሞ መውጫ ሳይፈልግ አይቀመጥም። ፊንጢጣን በሚቆልፉት ጡንቻዎች መሀል ሰርስሮ በሚቀናው በኩል ቆዳው ሥር ይደርሳል። እርስዎ አምና እባጭ ያሉት ያንን ነው። ሲፈነዳ ግፊቱ ስለሚተነፍስ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ቆዳውም ይገጥማል፤ ሰውየው ዳንኩ ይላል። የውስጡ አፍ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል። መግላቸው ከወጣላቸው ሰዎች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበዙት፣ ቧንቧው ሳይዘጋ ይቀራል። ቆዳው በገጠመ ቁጥር መግሉ ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ቁጥር ይፈነዳል። በግድግዳ ውስጥ ያለፈ የውኃ ቧንቧ እያፈሰሰ ውጭውን ቀለም ቢቀቡት እንደማይረባ ሁሉ፣ ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገርም እዚህ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ቅባቱን ያቁሙ። ምን እንደተቀመመ ባላውቅም፣ «ሥር ይነቅላል» ተብሎ የሚሰጥና የሚያቃጥል ነገር የሚያደርገው ቆዳን መብላት ነው። ፊንጢጣው ድረስ ከዘለቀ ሲድን በጠባሳ ይጨማደዳል። ለእብጠት የመጣ ሰው በመጨረሻ ሰገራ የማያሳልፍ ጠባብ ፊንጢጣ ይዞ ይመለሳል፤ ያንን ማስተካከል ደግሞ ፊስቱላውን ከማከም የከፋ ነው።

አሞክሳሲሊኑም በሌላ መንገድ በድሎዎታል። በመግል የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ በደም የሚሄድ መድኃኒት የሚደርሰው ግድግዳው ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አሞክሳሲሊን ብቻውን ከአንጀት ከሚመጡት ተህዋሲያን ብዙዎቹን አይነካም። ዙሪያውን ቀዝቀዝ ያደርግና መሀሉን ይተወዋል፤ ያም እርስዎን አረጋግቶ ጊዜ ይወስዳል። የቋጠረ መግል ሕክምናው ከፍቶ ማፍሰስ ነው። ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት የሚጨመረው ዙሪያው ያለው ቆዳ እየቀላና እየተስፋፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሰውየው ስኳር በሽታ ወይም የመከላከል አቅም የሚቀንስ ሌላ ሕመም ካለበት ነው። ያኔም ቢሆን ከምላጩ ጋር እንጂ በምላጩ ፋንታ አይደለም።

ግምቴ ሊሳሳት ይችላል ብያለሁና ሌሎቹንም ላንሳ። ብሳሳት ደስ የሚለኝ ነገሩ የቆዳ ከረጢት ሆኖ ከተገኘ ነው። ከቆዳ ሥር የሞተ ቆዳ የሚያጠራቅም ትንሽ ከረጢት ሲሆን፣ ለወራት ለዓመታት ሳያም ይቀመጣል፤ መሀሉ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነጥብ አለችው፤ ሲመረቅዝ ያብጣል፣ ከፈነዳም የሚሸት አይብ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። እሱም በዚያው ቦታ ይመለሳል፤ ከረጢቱ ሙሉውን ካልወጣ መልሶ ይሞላልና። እንግዲህ የእሱም ሥር አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሥሩ እዚያው ከቆዳው ሥር ስለሆነ በአካባቢ ማደንዘዣ ወጥቶ ያልቃል። ጸጉር በምላጭ ሲነሳ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ አድጎ የሚያስነሳው ብጉንጅም አለ፤ ይህ ግን ቦታ ይቀያይራል። በብብትም፣ በጉያም፣ በመቀመጫም እየተፈራረቀ የሚወጣና ጠባሳ እየሠራ የሚሄድ ከሆነ የቆዳ ሐኪም የሚከታተለው ሥር የሰደደ ሕመም ነው፤ ለእሱ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ለስለስ ያለ፣ ጣት ሲነካው የሚንሸራተትና የማያም ከሆነ የስብ እጢ ነው፤ ካላስቸገረ ይተዉታል። ብስክሌት አዘውትረው የሚነዱ ሰዎች ኮርቻው በሚያርፍበት በኩል ጠንካራ ጉብታ ያወጣሉ። የመኪና ወንበር ግን ክብደትዎን በመቀመጫ አጥንትዎና በጭንዎ ላይ ስለሚያሳርፈው ያን አያደርግም፤ ሥራዎ ሕመሙን አብሶት ይሆናል እንጂ እብጠቱን አልፈጠረውም።

ሰፋ አድርጌ መጠየቅ የምፈልገው ስለ ሽንትዎ ነው፤ እርስዎ ስለ እሱ ምንም አልጻፉም። የወንድ የሽንት ቧንቧ ወደ ብልት ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው በዚሁ በፔሪኒየም ውስጥ፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ነው። ከዓመታት በፊት ጨብጥ ይዞት በደንብ ያልታከመ፣ ወይም ከመኪና ጭነት ላይ ወድቆ ብረት ወይም እንጨት በእግሮቹ መሀል የመታው ሰው ቧንቧው በጠባሳ ሊጠብበት ይችላል። ሽንቱ ይቀጥናል፤ ያምጣል፤ ከጨረሰ በኋላም ይንጠባጠባል። ከጠበበው ቦታ ጀርባ ሽንት እየገፋ ሲሄድ ቧንቧው ይሰነጠቅና አጠገቡ መግል ይቋጥራል፤ ውጭ ሲታይ የእርስዎን ይመስላል። እንዲህ ያለው እብጠት በሽንት ጊዜ ሊያብጥ ወይም ሽንት የሚሸት ውኃ ሊያወጣ ይችላል። የሽንትዎ ግፊት ከቀነሰ ወይም እንዲህ ያለ ታሪክ ካለዎት ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገሩት ይህንን ይሁን። እንደ ተራ እባጭ ቆርጦ ማፍሰስ ብቻውን ሽንት በቆዳ በኩል የሚያፈስ ቀዳዳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ሽንቱ በሌላ በኩል መውጫ ሊበጅለት፣ ጥበቱም በሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ሊታይ ይገባል። የድሮው ጨብጥ የሚያሳፍር መስሎዎት እንዳይዘሉት፤ ሐኪሙ ይህንን የሚጠይቀው ሊፈርድ ሳይሆን የት እንደሚቆርጥ ለማወቅ ነው።

ካንሰርን በተመለከተ፦ በዚህ ቦታ ብርቅ ነው፤ የእርስዎ አካሄድም አይመስለውም። ካንሰር ብዙውን ጊዜ ሳያም ይጀምራል፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መጨመር እንጂ መመላለስ አያውቅም። ቆዳውን በልቶ የማይድን ቁስል ከሆነ፣ በጉያ ደግሞ የማይለቅ ጠንካራ ንፍፊት ከታከለበት ናሙና ሳይወሰድ ማደር የለበትም። የመግል እባጭም ንፍፊት ያስነሳልና ንፍፊት ብቻውን አያስደንግጥዎ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ አሥርና ሃያ ዓመት ሳይታከም የኖረ ፊስቱላ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ታይቷል። ይህን ያነሳሁት ሊያስፈራዎት አይደለም፤ «ካላመመኝ ይቆይ» የሚል ሐሳብ ካለዎት እንዲተዉት ነው።

ሁለት ምርመራዎች ሳይደረጉልዎ ከሐኪም ቤት እንዳይወጡ። አንደኛው የደም ስኳር ነው። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው በእንዲህ ያለ እባጭ ሰበብ ነው፤ ምግብ ሳይበሉ ተለክቶ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው፤ እርስዎን ስለጠረጠርኩ ሳይሆን ውጤቱ የቁስሉን አዳንና የመድኃኒቱን ምርጫ ስለሚወስን ነው። ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለዎት የሳንባ ነቀርሳም ይታይ፤ ቲቢ በፊንጢጣ አካባቢ የማይድን ፊስቱላ ሆኖ ይመጣል፤ ለዚህም በቀዶ ሕክምናው የሚወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ቢላክ ጥሩ ነው። ለወራት የቆየ ተቅማጥና ከአንድ በላይ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ቁጣ ይታሰባል፤ በእኛ አገር ብዙ ባይሆንም አለ።

ቀጠሮ የማይጠብቀውን ደግሞ ይወቁት። ሕመሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየበረታ ከሄደ፣ እብጠቱ ወደ ቆለጥ ከረጢት ወይም ወደ ጭን ከተዛመተ፣ ቆዳው ከጠቆረ፣ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ፣ ከባድ ሽታ፣ ብርድ ብርድ ማለትና መጃጃል ከመጣ ሥጋው እየሞተ ነው። ይህን በሽታ ፈረንሳዊው ሐኪም ፉርኒየ እ.ኤ.አ. በ1883 ስላብራራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋል፤ የሚድነው የሞተው ሥጋ ወዲያው ተቆርጦ ሲወጣ ነው። በተለይ ስኳር ያለባቸውና መጠጥ የሚያበዙ ሰዎች ላይ ይብሳል። እንዲህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን፣ ባቲም ይሁኑ ሚሌ፣ መኪናውን አቁመው በሌላ ሰው መኪና ቅርብ ወዳለው ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ይሂዱ። ሽንት ከቆመብዎትም እንዲሁ።

ያ ሁሉ ከሌለ ሩጫ አያስፈልግም፤ ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ ይታዩ። የሚታዩት የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ዘንድ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ በቀበሌዎ ጤና ጣቢያ በኩል የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ያለ ወረቀት ከወጡ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍንልዎት ይችላል። ቀድመው ኤምአርአይ ለመነሳት አዲስ አበባ አይሂዱ፤ ያ የሚያስፈልገው ቧንቧው ቅርንጫፍ ሲያበዛ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲመለስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበልጠው መሣሪያ የሐኪሙ ጣት ነው።

ምርመራውን ስለሚፈሩት ልንገርዎ። በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ ይሰበስባሉ፤ ከወገብ በታች አንሶላ ይደረብልዎታል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ያያል፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀላ ያለች ሥጋ ቆዳው ላይ ካለች የቧንቧው የውጭ አፍ እሷ ናት። ከዚያ ከእብጠቱ ወደ ፊንጢጣ ያለውን ቆዳ በጣቱ ጫን እያደረገ ይሄዳል፤ ፊስቱላ ከሆነ ከቆዳው ሥር እንደ ሲባጎ የጠነከረ ነገር ይንከባለልለታል፤ አንዳንዴም አንዲት የመግል ጠብታ ብቅ ትላለች። በመጨረሻ ጄል የተቀባ ጓንት ለብሶ ጣቱን ያስገባል፤ የውስጡ አፍ እንደ ትንሽ ስርጉድ ይሰማዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እርስዎ ግን ለባልደረባም፣ ለፋርማሲም፣ ለቅባት ሻጭም ነግረዋል። አንዳቸውም አላዩትም እንጂ። ሳያይና ሳይዳስስ መድኃኒት የሚጽፍልዎት ሐኪም ካጋጠመዎትም ሌላ ይፈልጉ።

ቦታው ከፊንጢጣ ፊት ለፊት መሆኑ ለእርስዎ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጉድሶል ከመቶ ዓመት በላይ በፊት እንዳስተዋለው፣ በፊት በኩል የሚከፈቱ ቧንቧዎች ብዙውን ጊዜ በአጭሩ ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በኋላ በኩል ያሉት ግን ይጠማዘዛሉ። ሕጉ የሚስትበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ቀዳዳው ከጠርዙ ሲርቅ።

አሁን መግል ቋጥሮ ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይፈሳል፤ ቧንቧውን በዚያው ቀን የግድ መፈለግ የለባቸውም፤ በተቆጣ ሥጋ ውስጥ ሽቦ እየነዱ የሌለ መንገድ መክፈት ይመጣልና። ከተረጋጋ በኋላ ቧንቧው አጭርና ከጡንቻው ጥቂቱን ብቻ የሚያቋርጥ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ ከሥር ወደ ላይ ሥጋ እየሞላ ይድናል። በእንዲህ ያለው ላይ ከአሥር ዘጠኙና ከዚያ በላይ ይድናሉ። ቧንቧው ብዙ ጡንቻ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን መሰንጠቅ ጋዝና ሰገራ መቆጣጠር ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በውስጡ ክር ይታለፍና ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀመጣል፤ መግሉ በክሩ እየፈሰሰ ይደርቃል፤ ከዚያ ጡንቻውን በማይነካ ሌላ ዘዴ ይዘጋል። ይህ መንገድ ጡንቻውን ቢያተርፍም በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ሐኪሙ አልቻለበትም ማለት አይደለም። ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ቧንቧው ምን ያህል ጡንቻ ያቋርጣል?» መልሱን በጣቱ ለክቶ ወይም በወረቀት ላይ ሥሎ የሚያሳይዎት ሐኪም ጥሩ እጅ ላይ እንዳሉ ይነግርዎታል።

ብዙውን ጊዜ በወገብ ማደንዘዣ ይሠራል፤ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቤትዎ ይገባሉ። ቁስሉ አይሰፋም። ይህ ሕመምተኞችን ሁሉ ያስገርማል፤ ሳይሰፉ ረስተው የሸኟቸው ይመስላቸዋል። ከተሰፋ ግን መግሉን ቆልፎ መልሶ ይጀምራል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከሰገራ በኋላ፣ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ሞልተው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጡበታል፤ ይደርቃል፤ ንጹሕ ጎዝ ይደረግበታል። ውኃው ውስጥ በረኪናም ዴቶልም አይግባ። ለመዳን ሳምንታት ይወስዳል፤ ከስድስት በላይ የሚፈጅበትም አለ። ለአሠሪዎ ሦስት ቀን ብለው እንዳይፈርሙ፤ የሕመም ፈቃዱን ከሐኪሙ በጽሑፍ ይያዙ። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘልዎት እሱን ወስደው መሪ አይያዙ፤ እንቅልፍ ያመጣል።

እስከዚያው በጣት አይጨምቁት፣ በመርፌ አይውጉት። የሳፋው ውኃ አሁንም ይጠቅማል፤ በራሱ ከፈነዳም ይፍሰስ፤ ፈነዳ ብለው ግን ወደ ሐኪም መሄዱን እንዳይሰርዙ፤ አምና የተሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሰገራዎ እንዳይደርቅ ተልባ በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ በሶም ጥሩ ነው። የእርስዎ መስመር ሾፌሮች መኪና ማቆምን ሸሽተው በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ፣ ጫት እየቃሙ እንደሚነዱ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ሆድ ያደርቃሉ። ሲጋራ ካጨሱ እሱም ከዚህ በሽታ ጋር ዝምድና አለው፤ ቁስልንም ያዘገያል።

ለባለቤትዎ ይንገሯት። ፊስቱላ በግንኙነት አይተላለፍም፤ ከሌላ ሰውም አልመጣም። ልብስ የምታጥበው እሷ ከሆነች እድፉን አይታዋለች፤ ዝም ካሉ የራሷን ምክንያት ታስባለች። ደግሞም እርስዎ በመስታወት የማያዩትን ቀዳዳ እሷ በባትሪ ብርሃን ልታይልዎት ትችላለች፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ጎዙን የሚቀይርልዎት ሰው ያስፈልጋል። ወደ ደሴ ሲሄዱ አምና እባጩ የወጣበትን ወር፣ የወሰዱትን መድኃኒት ስምና የቀናቱን ቁጥር ጽፈው ይያዙ። የቅባቱን ዕቃም አይጣሉት፤ ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል።